«ተፈቅዷል» ከተባለ በኋላ ቀኑን ማን ይቆጥራል?

ታክሲ አብረውን የነዱ አንድ ታላቅ ወንድማችን አሉ፤ ጋሼ እንበላቸው። እዚህ አሜሪካ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀስም። በሞተር የሚሄድ ዊልቸር በሜዲኬይድ ከተፈቀደላቸው ሰባት ወር አለፈ። ደብዳቤው አለ፣ ዊልቸሩ የለም። እስከዚያው የተቀመጡት የአንዲት ያረፉ እናት ልጆች በሰጧቸው፣ በልካቸው ባልተሠራ ዊልቸር ላይ ነው። ልክ ያልሆነ መቀመጫ ገላ ያቆስላል፤ ስሜት የሌለው ገላ ደግሞ ሲቆስል አይናገርም። ጋሼ በዚህ ቁስል ሁለቴ ሆስፒታል ተኝተዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የፌዴራል መንግሥት በ2024 ባወጣው ደንብ፣ ከ2026 ጀምሮ የሜዲኬይድና የሜዲኬር አድቫንቴጅ ኢንሹራንሶች ለቅድመ ፈቃድ ጥያቄ በ7 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት መልስ መስጠት አለባቸው። ጥሩ ነው፣ አንጠላም። ግን ሰዓቱ የሚቆጥረው «እሺ» እስኪባል ድረስ ነው። ከእሺ በኋላስ? የሜዲኬይድ ሕግ አገልግሎቱ «በተገቢ ፍጥነት» ይሰጥ ይላል እንጂ ስንት ቀን እንደሆነ አይናገርም። እኛ ጥሪ ተቀብለን አምስት ደቂቃ ብናረፍድ እንኳ ኮከብ ይቀነስብናል!

በርግጥ እንዲህ ያለው ዊልቸር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። በሰውየው ልክ ይሠራል፤ መቀመጫው ከአንድ ፋብሪካ፣ መቆጣጠሪያው ከሌላ ሊመጣ ይችላል። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከፈቃዱ በኋላ ነው። ለመለካቱና ለማስተካከሉ የሚከፈለው ደግሞ ለብቻው ሳይሆን ከዕቃው ዋጋ ውስጥ ስለሆነ፣ ባለሙያ ለመጨመር አይቸኩልም። ይገባናል። ግን የሻጩ ችግር የጋሼ ቁስል መሆን አለበት ወይ?

ሕግ ማውጣት ከተፈለገ ይቻላል። ኮሎራዶ በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ የሞተር ዊልቸር አምራቾች መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለባለቤቱና ለውጭ ጠጋኞች እንዲሰጡ አስገድዳለች። ያ ለጥገና ነው፤ ለማስረከቢያ ቀንም እንዲሁ ገደብ ይቀመጥ ነው የምንለው።

የእኛ ሰው ሌላም ችግር አለበት፤ ይሉኝታ። «በነፃ እየሰጡን እንዴት እንጨቃጨቅ» ይላል። ጋሼም ሰባት ወር ያልደወሉት ለዚሁ ነው። ወገኖቼ፣ ልመና አይደለም፤ ጋሼ ስንት ዓመት ታክስ ከፍለዋል። የሜዲኬይድ ደንብ፣ ጥያቄህ ውድቅ ሲደረግ ብቻ ሳይሆን በተገቢ ፍጥነት ሳይፈጸም ሲቀርም ይግባኝ የሚሰማ ችሎት መጠየቅ ትችላለህ ይላል። አስተርጓሚም በነፃ ነው። ሻጩን ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁት፦ ትእዛዙ ወደ ፋብሪካ የተላከው መቼ ነው? የጎደለው ወረቀት የቱ ነው? ማን እጅ ላይ ነው ያለው?

ባለፈው እሁድ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበብነው። ከታች በትንንሽ ፊደል ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሰኞ ጠዋት አስተርጓሚ ይዘን ሻጩ ጋ ደወልን። ትእዛዙ ገና አልተላከም።