ድጎማው በቆጣሪ፣ ጭሱ በሳንባ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰኔ ገብቷል። ወረዳውም ክፍለ ከተማውም ዓመቱን የሚዘጋበትና የመጪውን ዓመት በጀት የሚያሰናዳበት ጊዜ ነው፤ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። ከናንተ መካከል የምክር ቤት አባል የሆናችሁ፣ ማዘጋጃ ቤት የምትሠሩ፣ መብራት ኃይል የገባችሁ ብዙ ናችሁና አንድ ነገር ላንሳላችሁ። ስለ አየር ነው። ስለ አየር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ፋብሪካና መኪና ናቸው። እነሱ ይቆዩልኝ። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ምጣድና ስለ ቆጣሪ ነው።

ርቃችሁ ለምትኖሩ፦ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከለገጣፎ፣ ከገላንና ከሌሎቹ ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል፤ 12 ክፍለ ከተማ። ስሙ ቢቀየርም ሰፈሩ ያው ነው። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ያቃተው ሰው ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ወደነዚህ ነው።

ወለቴ ሂዱ፣ አሸዋ ሜዳ ሂዱ፣ የኪራይ ግቢ አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። ከፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከኋላ በረድፍ አምስት ስድስት ክፍል፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ ባለቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ቆጣሪ። ተከራይ ሲገባ መጀመሪያ ከሚነገረው ደንብ አንዱ «ምጣድ አይቻልም» የሚለው ነው። ለመብራት በወር የተቆረጠ ሒሳብ ይከፈላል፤ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ቻርጅ ተብሎ። ጨምረው እያስከፈሉ ስቶቭ የሚፈቅዱ አሉ። ምጣድ ግን ወላ ንክች! ስለዚህ ተከራይዋ ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ በተከለለች ጭስ ቤት ውስጥ በሰጋቱራ፣ በጭራሮ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ትጋግራለች። ወጡ ከሰል ላይ ይሠራል፤ በበጋ ደጅ፣ በክረምት ክፍሉ ውስጥ። ሕፃን ካለ ጀርባዋ ላይ ነው፤ እሷ የምትስበውን ይስባል።

ሱሉልታን አስቡት ደግሞ። ሯጮቻችን አየሩን ፍለጋ የሚሄዱበት ከተማ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው እዚያ ነው። ሜዳው ላይ ዓለም የሚቀናበት አየር አለ። በክረምት ማታ ግን ብርዱ ስለማይቻል በር ተዘግቶ ከሰል ይሞቃል። ከሰል ጭስ የለውም ብላችሁ እንዳትታለሉ። ሰው የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ በየክረምቱ የምንሰማው በዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ያለ ዕድሜው የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ ወደ 3.2 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ገምቷል። ሳል፣ የሳንባ ምች፣ የልብ በሽታ፣ ስትሮክ እየተባለ ነው የሚመዘገበው። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ምድጃ» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የለም።

አከራዮቹን ለመውቀስ አይደለም። ፊዚክስ አስተምሬያችኋለሁና ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ የመብራት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። (ቀመሩን የረሳ ካለ ዛሬ ማታ ይከልስ።) አምስት ተከራይ ቅዳሜ ጠዋት እኩል ብትጥድ 80 አምፔር ነው። ለአንድ ቤት ተብሎ የተዘረጋ ገመድ ይሄን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከባሰም ግቢውን ያነዳል። አከራዩ የሚከለክለው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የዋጋው ነው። በ2011 የመብራት ታሪፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጨምር፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመውን ቤት ጭማሪው እንዳይነካው ተደረገ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ድሃ ትንሽ ይጠቀማል፣ ስለዚህ ትንሽ የሚጠቀመውን ደጉም። ከዚያ ወዲህ ታሪፉ ተከልሷል፤ አካሄዱ ግን አልተቀየረም፤ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። እንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት እንጀራ ይጋገር። 14 ኪሎዋት ሰዓት። ወሩን በአራት ሳምንት ብንይዘው 56። እንጀራ ብቻውን ከ50 አለፈ! አምፖሉ ገና አልተቆጠረም። ይሄም የራሷ ቆጣሪ ላላት ሴት ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጋግር 280 ይመጣል። ቆጣሪው ሰው መቁጠር አያውቅም፤ የሚያየው ብዙ የሚበላ አንድ ሀብታም ቤት ነው።

በአንጻሩ ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ፣ ዘበኛው ማታ አንድ አምፖል የሚያበራበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። እሱ ከ50 በታች ነው። ለድሃ የታሰበው ዋጋ የሚደርሰው ለዚያ ቤት ነው። አምስቱ ተከራዮች ድጎማ የተባለውን ነገር በዜና ነው የሚሰሙት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ኃይሉ እኮ በላያችን ነው የሚያልፈው! ከግቤ 2 የሚመጣው 400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚገባው ሰበታ ማከፋፈያ ነው። ከበለስ የሚመጣው ሱሉልታ ይደርሳል። ጅቡቲ የሚወርደው የመብራት ባቡር ሐዲዱ የሚነሳው ከሰበታ ነው። ጳጉሜን 2017 ላይ 5,150 ሜጋዋት የተባለለትን የሕዳሴ ግድብ መርቀናል፤ ሁላችንም ቦንድ ገዝተናል፣ እነዚያ ተከራዮችም ገዝተዋል። ከማማው ሥር ያለው ጭስ ቤት ግን አሁንም በሰጋቱራ ነው የሚነደው።

የነዚህ ከተሞችና የአዲስ አበባ ዝምድና ድሮም በማገዶ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዙሪያዋ ዛፍ ተመናምኖ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በቡራዩና በሆለታ በኩል አልፎ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእንጦጦንና የሱሉልታን ቅጠል ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ሸገርን ያበሰሉላት ሴቶች ናቸው። ያኔ እንጨት ነበር ችግሩ፤ ዛሬ የተቸገርነው በሁለት ሜትር ገመድና በአንድ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ምንድነው? ተጨማሪ ቆጣሪ ለማስገባት የይዞታ ማስረጃ ወይም የወረዳ ደብዳቤ ይጠየቃል። በነዚህ ሰፈሮች ካርታ የሌለው ቤት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጨረቃ ቤት ባለቤት እንኳን ለተከራዩ ለራሱም ከጎረቤት ስቦ ነው የሚያበራው። ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው ደግሞ ወረዳ ሄዶ «መዝግቡኝ» ለማለት ይፈራል። ታሪፍ የሚወስነው ፌዴራል ነው፤ እዚያ የኛ ምክር ቤት እጁ አይደርስም። ደብዳቤው ግን የወረዳ ነው። «ይህ ደብዳቤ ለመብራት አገልግሎት ብቻ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም» የሚል አንድ መስመር ጨምሮ መስጠት ይቻላል። ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ ማኅተም ነው የሚጠይቀው።

«ከልክሎ መቅጣት ይሻላል» የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ከሰል ኬላ ላይ ይያዝ፣ ጭስ የሚያወጣ ይቀጣ። እስቲ ለንደንን እንይ። በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. የከሰል ድንጋይ ጭስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ ከተማዋን ለቀናት ጨለማ አደረጋት፤ በወቅቱ ግምት ብቻ ወደ 4,000 ሰው ሞተ። በ1956 ሕግ ወጣ። ሕጉ ለየአካባቢው ምክር ቤት «በዚህ ሰፈር ጭስ ክልክል ነው» ብሎ የማወጅ ሥልጣን ሰጠ። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን ሌላ አንቀጽ አለ፤ ምድጃ ለመቀየር ከሚወጣው ወጪ ከአሥር ሰባቱን እጅ ምክር ቤቱ ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ከሰባቱም አራቱን ማዕከላዊው መንግሥት ይተካለታል። ክልከላና ድጋፍ በአንድ ወረቀት ላይ። ክልከላውን ብቻ ቀድተን ካመጣነው የከሰሉ ጆንያ ይወደዳል፣ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። የነጭ ጋዝ ድጎማ የተነሳ ጊዜ አላየንም? ላምባ የተወደደበት ሰው ወደ መብራት አልሄደም፤ ከሰል ተራ ነው የሄደው።

እኛም አገር ቢሆን ድጋፍ ተሰጥቶ ያውቃል። ባለ ክር አምፖል አስረክበን ቆጣቢውን በነፃ የወሰድንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ በየሰፈሩ ሰልፍ ነበር። መንግሥት ያንን ያደረገው የሚቆጠበውን ኃይል አስልቶ ነው። በቅርቡ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስገባ ቫት፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ተነሳለት፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ጥሩ ነው፣ እደግፋለሁ። ግን መኪና ለሚገዛ ሰው ይህን ያህል የታሰበለት አየር ለምጣድ ገዢዋም አየር ነው። ቢያንስ ምጣድ በዱቤ የሚሰጥ ማኅበር ወረዳው ቢደግፍ ምን አለበት? ሴፍቲኔት ውስጥ ያሉ እናቶች መንገድ ጠርገው ከሚያገኙት ላይ ስንቱ ለማገዶ እንደሚሄድ ጠይቋቸው።

መብራት ይጠፋል ትሉኛላችሁ። አዎ ይጠፋል፤ ምጣድ ያላት ሴትም ከሰሏን ጥግ አታጣትም። ለዚህ ነው ከሰልን ዛሬውኑ እንጣል የማልለው። ከሁሉ በፊት እንጀራው ከእሳት ይውረድ፤ ማገዶ የሚፈጀው እሱ ነው፣ ደግሞም ቀን ሊመረጥለት ይችላል። ወጡ ይቆይ። መብራት ጭራሽ ያልደረሰበት ጓሮ ምርጥ ምድጃና ላቀች ይግቡ፤ እነሱም ከሦስት ጉልቻ እጅግ ይሻላሉ።

ለእያንዳንዱ ክፍል ቆጣሪ ማስገባት ባይቻልስ? አዲስ አበባ ለሚ ኩራ ላይ ለብዙ ሴቶች ትልቅ የእንጀራ መጋገሪያ ከፍታለች። እኔ ያን ያህል አልጠየቅኩም። ለአንድ መንደር አንድ ክፍል፣ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ቆጣሪ፣ አራት ምጣድ፣ ተራ የሚይዝ ደብተር። ወረዳው ባዶ የተቀመጠ ሼድ አያጣም። ስንቱ ተመርቆ ሪባን ተቆርጦለት ተቆልፎ እንደቀረ ወጣቶቹ ይነግሯችኋል።

የአየር መለኪያውን ነገር ባጭሩ ልበል። የአሜሪካ ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ ፒኤም 2.5 የሚባለውን ብናኝ ይለካ ነበር፤ በ2017 ውጤቱን ለሕዝብ ማሳየት ቆመ። የሰው አገር ኤምባሲ አየራችንን እስኪለካልን መጠበቅ ደግ አልነበረም። ሰበታ ላይ አንድ፣ ቡራዩ ላይ አንድ፣ ሱሉልታ ላይ አንድ መለኪያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተተክሎ ልጆች በየቀኑ ቢመዘግቡት፣ ክርክራችን በግምት መሆኑ ይቀራል። የፋብሪካውንም ጉዳይ ያኔ በቁጥር እናነሳዋለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ወጥቶ ተቀምጧል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የጎደለው የሚለካ ነው።

አሁን ሥራ ልስጣችሁ፣ እንደ ድሮው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ የምትኖሩ፣ በግቢያችሁ አንዱ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንደሚይዝና ምጣድ ይፈቀድ እንደሆነ ከሥር ጻፉልኝ። ስምም የቤት ቁጥርም አታስገቡ፤ ሰፈሩና ቁጥሩ ይበቃል። «ወለቴ፣ 7፣ አይፈቀድም» እንዲህ አድርጋችሁ። የምክር ቤት አባል የሆናችሁት ደግሞ በውስጥ መስመር አግኙኝ፤ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ዝርዝሩን በየወረዳው ለይቼ አደርስላችኋለሁ።