ታፔላው ሳሪስ ይላል፣ ታክሲው ቃሊቲ ላይ ያራግፋል፤ ለምን?

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይሄ አዲሱ አይደለም። ታፔላው «ሳሪስ» ይላል፤ ረዳቱ ግን «ቃሊቲ ብቻ!» እያለ ይጣራል። ቃሊቲ ወርደን እንደገና እንሰለፋለን፣ እንደገና እንከፍላለን።

ሾፌሩን መሳደብ ይቀላል። እኛ ግን እስቲ ሂሳቡን እንየው ብለናል። ብሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ናቸው።

12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ሙሉውን መንገድ በ30 ብር ቢሄድ 360 ብር ይይዛል። ጠዋት ግን ሕዝቡ ሁሉ ወደ መሃል ከተማ ነው፤ ሲመለስ 3 ሰው ቢያገኝ 90 ብር ነው። ድምሩ 450 ብር። መንገዱን ግማሽ ላይ ቆርጦ 20 ብር ቢያስከፍልስ? አንዱ ደርሶ መልስ 300 ብር ይሆናል። በዚያችው ነዳጅ ሁለቴ ስለሚመላለስ 600 ብር ያገኛል። እኛ ደግሞ በ30 ብር የምንደርስበት ቦታ በ40 እንደርሳለን።

ታክሲዎች በቀጠና መሥራት የጀመሩት በ2003 ዓ.ም ነው። ምደባው የት መሥራት እንዳለባቸው ይናገራል፤ ባዶ መመለሱን ማን እንደሚሸፍን ግን አይናገርም። በ2014 ክረምት የመጣው የነዳጅ ድጎማም የታሰበው በሊትር ነው። እስከ መጨረሻው ያደረሰውም፣ ግማሽ ላይ ያራገፈውም በቀዳው ልክ ይደጎም ነበር።

ባቡሩስ? በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ግን አልፈውት ወደ ደቡብ ሄደዋል። ከተገዙት 41 ባቡሮችም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል።

ቅጣት ብቻውን ይሄን አይፈታም። አንዱን መንገድ ቆራጭ ብትቀጡት ሂሳቡ ያው ስለሆነ ነገ ሌላው ይቆርጣል። ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት ገንዘብ ለከተማው ይገባል፤ አውቶቡሱን የሚያሰማራው የግል ድርጅት በጨረታ ለወሰደው መስመር በውሉ መሠረት ይከፈለዋል። ስለዚህ ባዶ ወንበር ሾፌሩን አያስጨንቀውም። እኛም ጋ ድጎማ በሊትር ሳይሆን መስመሩን ለጨረሰ ቢከፈል፣ የከተማ አውቶቡሶች ደግሞ ታክሲ በማያዋጣው ጫፍ ላይ በጠዋትና በማታ ቢበዙ፣ መንገድ መቁረጥ ራሱ አያዋጣም ነበር።

እናንተ ሰፈር መንገድ የሚቆረጠው የት ላይ ነው? በቀን ስንት ይጨምርባችኋል? ጻፉልን።