«ልዩነት አልተገኘም» ሲባል

በጥቅምት ወር አያ ከዳባት ወርደው እኔ ዘንድ ጎንደር አደሩ። የአክስቴ ልጅ ናቸው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው፣ ቆም ሲሉ የሚለቃቸው ሕመም ከጀመራቸው አራት ዓመት ሆኗል። ሐኪሞች አንጃይና ይሉታል፤ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ሲጠቡ የሚመጣ ነው። አቴኖሎል ታዞላቸው ደህና ከርመው ነበር።

ከራት በኋላ የክኒናቸውን ነገር ብጠይቅ «ተውኩት እኮ» አሉኝ። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ደውሎ፣ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሞትን በመቀነስ ልዩነት አልተገኘም ብሏቸው ኖሯል። ከተዉት አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሕመሙ በዚያው ሌሊት ተቀምጠው ሳሉ መጣባቸው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ተርፈዋል።

ልጁ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ1966 እስከ 1997 የታተሙ ሙከራዎችን ሰብስቦ መዝኗል። አቴኖሎል ያለበት የቤታ ብሎከር ወገንና ኒፌዲፒን ያለበት የካልሲየም ቻናል ብሎከር ወገን በሞትና በኸርት አታክ ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። የተወዳደሩት ግን መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ነው እንጂ መድኃኒት ከባዶ እጅ ጋር አይደለም! ደግሞም ቤታ ብሎከር የወሰዱት ሰዎች ሕመሙ በሳምንት በአማካይ 0.31 ጊዜ ያህል ቀንሶላቸዋል፤ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡትም ከእነርሱ ዘንድ ያነሱ ነበሩ።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ ሙከራዎች በሳምንታት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚህ አጭር ጊዜ የሚሞተው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ልዩነት ቢኖርም በቀላሉ አይታይም። አማካይ ቁጥር ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ለይቶ አያውቅም፤ ቤታ ብሎከር ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። አምሎዲፒን እግሩን የሚያሳብጠውንም አያውቅም። ይህን የሚለየው በሽተኛውን ፊት ለፊት ያየ ሐኪም ነው።

ቤታ ብሎከር የልብን ምት አቀዝቅዞ ይይዛል። ድንገት ሲቋረጥ ልብ ይፈጥናል፣ ሕመሙም ብሶ ይመለሳል። መቆም ካለበት በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ነው። ክኒኑ በታዘዘላቸው ሰሞን ይህን ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን በነርስነት ሠርቼ ለገዛ ዘመዴ ሳልናገር ቀረሁ።

አያ ዳባት ተመልሰዋል። ልጃቸው አሁን እሁድ እሁድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ክኒን እንደቀራቸው ነው።