ሳይለካ የተፈረደበት ኮምፒውተር

የካምፓላው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው መጋዘኑ፣ የሳሙናና የዘይት ፋብሪካው፣ መንገዱን የሚያጣብበው የጭነት መኪና ነው። ሰፈሩ ግን የወረቀትና የኮምፒውተር ሰፈርም ነው። የኡጋንዳ ሁለቱ ታላላቅ ዕለታዊ ጋዜጦች መቀመጫቸው እዚሁ ነው፤ ኒው ቪዥን በአንደኛው መንገድ፣ ዴይሊ ሞኒተር በስምንተኛው። ወደ መሀል ከተማ ጠጋ ሲባል ደግሞ በማተሚያ ቤቶቹ ስሙ የወጣው ናስር ሮድ አለ። በየመጋዘኑና በየጋራዡ ጥግ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ የዕቃ መዝገብ የሚይዝ አንድ ዴስክቶፕ አይታጣም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ባለቤቱ ወይም የሰፈሩ ቴክኒሻን ማዘርቦርዱን ከአንዱ ሱቅ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከሌላው ገዝቶ የገጣጠማቸው ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሲያዘግም ራሙ በቅቶት እንደሆነ ሳይለካ «አርጅቷል» ብሎ መጣል የገንዘብም፣ የጤናም፣ የአገርም ኪሳራ ነው፤ ልማዱም ደንብ ወጥቶለት መቆም አለበት።

«አርጅቷል» የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ምርመራ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ድረስ የተገጣጠመ ማሽን በብዛት የያዘው ዲዲአር 3 የሚባለውን ራም ነው፤ መጠኑም 2 ወይም 4 ጊጋባይት ነው። ለዚያ ዘመን ሥራ ይህ ይበቃ ነበር። ዛሬ የአንድ አነስተኛ ነጋዴ ጸሐፊ በብሮውዘሯ የኡጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣንን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት፣ ኢፍሪስን፣ ትከፍታለች፤ ከጎኑ የባንኩን ገጽ፣ ኢሜይሉንና ዋትስአፑን፣ ከኋላ ደግሞ የሒሳብ ፕሮግራሙን። ራሙ ሲሞላ ማሽኑ ሥራውን አያቋርጥም፤ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ እየጣለ በሚያስፈልግበት ጊዜ መልሶ ያመጣዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ራም የተጠየቀውን ለማቅረብ የሚወስድበት ጊዜ የአንድ ሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን የአንድ ሰከንድ መቶኛ ያህል ይወስድበታል። ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ጸሐፊዋ ገጽ በቀየረች ቁጥር ስክሪኑ የሚደርቅባት፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚብለጨለጨው ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ አልደከመም፤ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው።

መለኪያው ደግሞ በእጅ ያለ ነው። የሥራው ቀን ሲጋጋል ታስክ ማናጀርን ከፍቶ የራሙንና የዲስኩን መስመር ማየት ይበቃል። ራሙ ከ90 በመቶ በላይ ተይዞ ዲስኩም 100 ላይ ከተሰቀለ ሕመሙ ታውቋል። ራሙ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኖ ማሽኑ የሚያዘግም ከሆነ ግን ራም መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያን ጊዜ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ይሻላል። ሥራው ራሱም ከባድ አይደለም። ኬብሉ ተነቅሎ፣ ማብሪያው አንዴ ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የሳጥኑ ብረት በእጅ ይነካል፤ የስሎቱ ክንፎች ይከፈታሉ። በራሙ ጠርዝ ያለው ጎድጓዳ በስሎቱ ካለው እብጠት ጋር ከተገጣጠመ በኋላ ክንፎቹ «ቀጭ» ብለው እስኪመለሱ በሁለት አውራ ጣት ይጫኑታል። የጎድጓዳው ቦታ በዲዲአር 3፣ በዲዲአር 4 እና በዲዲአር 5 የተለያየ በመሆኑ፣ አልገባም ያለን ራም መታገል ማዘርቦርዱን መስበር ነው። በዚህ ሰፈር አቧራ ብዙ ጊዜ የሞተ የሚመስለው ራም በእውነት አልሞተም፤ ወርቃማ ጥርሶቹ በላጲስ ቀስ ብለው ሲጠረጉ ማሽኑ ይነሣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ተቃውሞ «ገዝተን ሞክረን አልሠራም» የሚለው ነው። ቅሬታው እውነት ነው፤ ምክንያቶቹ ግን የታወቁ ናቸው። በርካሽ ከሚሸጡት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ራሞች አንዳንዶቹ በኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ ብቻ የሚነሡ ናቸው፤ በኢንቴል ላይ ሲሰኩ ማሽኑ ይጮኻል ወይም ጨርሶ ዝም ይላል። ከሰርቨር የተነቀለ ራምም መልኩ ከዴስክቶፑ ጋር ይመሳሰላል፤ በተራ ማዘርቦርድ ላይ ግን አይሠራም። ማዘርቦርዱም የራሱ ጣሪያ አለው። በዚያ ዘመን እንደ ልብ ይሸጥ የነበረው ጂ 41 ከ8 ጊጋባይት አያልፍም፤ ኤች 61 ደግሞ 16 ድረስ ይቀበላል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ደግሞ ምንም ያህል ራም ቢሰካለት ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን ስም ማንበብ፣ ሻጩንም «ካልሠራ እመልሳለሁ» ብሎ ማስማማት ይገባል። መድኃኒቱ ይህ ነው፤ በአንድ የተሳሳተ ግዢ ምክንያት ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ መፍረድ መፍትሔ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት ይበላል የሚለው ነው። አዎ፣ ይበላል። ከአዲሱ አነስተኛ ማሽን 40 ዋት አብልጦ ይወስዳል፣ በቀን 9 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል። ትርፉ 108 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሌላው የሚዛኑ ክፍል ደግሞ የአዲሱ ማሽን አሠራር አለ። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ለመሥራት 240 ኪሎ ነዳጅ፣ 22 ኪሎ ኬሚካልና 1.5 ቶን ውኃ እንደሚጠይቅ ተሰልቷል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ያ ወፍራሙ ዓይነት ስለነበረ ለፍትሕ ሲባል የነዳጁን ግማሽ ብቻ እንውሰድ። አንድ ኪሎ ነዳጅ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው ብንል፣ አዲሱ ማሽን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የበላው ኃይል አሮጌው በ11 ዓመት አብልጦ ከሚበላው ጋር ይተካከላል። ሌላም ነገር አለ። የካምፓላ መብራት አብዛኛው ከነጭ ዓባይ ውኃ የሚመነጭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው የኦወን ፎልስ ግድብ አንሥቶ ቡጃጋሊ፣ ኢሲምባና 600 ሜጋዋቱ ካሩማ ተጨምረውበታል። አዲሱ ማሽን ግን በአብዛኛው የሚመረተው በድንጋይ ከሰል በሚንቀሳቀሱ ፋብሪካዎች ነው። ግድብ ባለበት አገር፣ በኡጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ፣ አሮጌውን ማሽን ማቆየት ከሌላው ዓለም ይልቅ ያዋጣል።

ሦስተኛው የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የወጡትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በእኔ አስተያየት ለአሮጌው ማሽን ይህ ከሁሉ የከበደ ተቃውሞ ነው፤ የደኅንነት ማስተካከያ በማይደርሰው ሥርዓት ላይ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይገባምና። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ማለቁ ብረቱ አለቀ ማለት አይደለም። ሊኑክስ ሚንት በ8 ጊጋባይት ራም በዚያ ዘመን ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ በብሮውዘር የሚከፈተው የነጋዴው ሥራ ሁሉ ይከናወንበታል። ለናስር ሮድ ዲዛይነሮች ግን ይህ መልስ አይበቃም፤ የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። አዲስ ማሽን የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ እነሱ መግዛት አለባቸው። የምከራከረው ለቀሪዎቹ ነው።

ለምን ይህን ያህል? የተጣለው ማሽን የት እንደሚደርስ ስለምናውቅ ነው። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ወጥቷል፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበለት 22.3 በመቶው ነው፤ በአፍሪካ ደግሞ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የካምፓላ ቆሻሻ ክምር ኪቴዚ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። አዲስ አበባም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ ከ110 በላይ ወገኖቿን አጥታለች። ኮምፒውተር አልናደባቸውም፤ ነገር ግን የምንጥለው ሁሉ የሚከመረው ሰው በሚኖርበት ጎን ነው። የሰርኪዩት ሰሌዳ ሲቃጠል በውስጡ ካለው ብሮሚን መርዛማ ጭስ ይወጣል፤ አመዱም ከዝናቡ ጋር ወደ ቦይ ይወርዳል። በኢንዱስትሪያል ኤሪያ በኩል የሚያልፈው የናኪቩቦ ቦይ የሚያበቃው በቪክቶሪያ ሐይቅ መርቺሰን ቤይ ነው፤ ከተማይቱ የምትጠጣው የጋባ ውኃም የሚቀዳው ከዚያው ነው።

የኡጋንዳ መንግሥት ችግሩን አላየም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የበጀት ንግግር ያገለገሉ ማቀዝቀዣዎች፣ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች እንዳይገቡ ዕገዳ ታወጀ፤ በኮምፒውተር በኩልም ብዙ አከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ፖሊሲ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በካምፓላ የመሰብሰቢያ ማዕከል ተከፈተ። በኢትዮጵያም ስለዚሁ ቆሻሻ የወጣ ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ፤ በአቃቂም የኮምፒውተር መፍቻ ማዕከል ተቋቁሟል። እነዚህ ሁሉ የሚያዩት ግን ወይ በድንበር የሚገባውን ወይ የሞተውን ነው። በመካከል ያለውን፣ በ8 ጊጋባይት ራም ሌላ 5 ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን፣ የሚያይለት የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ድርጅት ኮምፒውተር ከንብረት መዝገብ ሲሰርዝ የራምና የዲስክ ልኬቱን ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያይዝ ቢገደድ፣ ይህ ክፍተት በአንድ ገጽ መመሪያ ይዘጋል።

«ራሙ ከየት ይመጣል?» የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት የመረጃ ማዕከላት የዓለምን ምርት ጠቅልለው በመውሰዳቸው ዋጋው ንሯል፤ ማይክሮንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ለተራ ሸማች ራም የሚያቀርብበትን ክሩሻልን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ዲዲአር 3 ደግሞ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው። መልሱ በቆሻሻው ውስጥ ነው። ከተጣሉት ማሽኖች ብዙዎቹ የሚሞቱት በፓወር ሰፕላይ ወይም በማዘርቦርድ ብልሽት ነው፤ ራማቸው ጤነኛ ነው። ያ ጤነኛ ራም ግን በጥርሱ ላይ ላለችው ቅንጣት ወርቅ ሲባል ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር በኪሎ ይሸጣል። የመሰብሰቢያ ማዕከላቱ ከመፍጨት በፊት ራሙን ነቅለው፣ ፈትነው፣ ዓይነቱንና ከየትኛው ማዘርቦርድ ጋር እንደሚሄድ ጽፈው ለቴክኒሻኖች ቢሸጡት፣ ቀደም ሲል ያነሣነው የመታለል ቅሬታም አብሮ ይቀላል። ለዚህ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ማዘርቦርዶችና ሌሊቱን ሲፈትሽ የሚያድር ሜምቴስት 86 ይበቃል፤ በካምፓላም በአቃቂም ማሽኖቹን በየቀኑ የሚፈቱ እጆች ቀድሞውኑ አሉ።