አጥር ከማጠርዎ በፊት መሬቱን ይጠይቁ

በዚህ ሳምንት ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ፖለቲካው የትም አይሄድም፤ የሚኒሶታ ሙቀት ግን ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልፋል። በረዶው ከቀለጠ ወዲህ ከሴይንት ፖል እስከ ብሩክሊን ፓርክ ያለው ወገናችን መዶሻና መጋዝ አንሥቷል። አንዱ ለልጁ የምረቃ ድግስ እንዲደርስለት ከጓሮው ዴክ ያሠራል፤ ሌላው የጎረቤቱ ውሻ አላስቀምጥ ብሎት አጥር ያጥራል። ቤት ለኛ ለስደተኞች ቀላል ነገር አይደለም። ዓመታት በሁለት ሥራ ተሯሩጠን ያጠራቀምነው ገንዘብ የተቀበረበት ነውና ጥቂት ብንነጋገርበት ይበጃል።

ነገሩን ያስነሣብኝ በየቡናው ላይ የምሰማው ምክር ነው። ከፊኒክስ ወይም ከላስ ቬጋስ ወደዚህ የተዛወረው ወንድማችን፣ «ምን አርባ ኢንች ያስቆፍርሃል? እኛ ዘንድ ሁለት ጫማ ቆፍረን፣ ሲሚንቶ አፍስሰን ነበር የምንተክለው» ይላል። ሰውዬው አልዋሸም። ነገር ግን የዚያ አገር መሬትና የዚህ አገር መሬት ለየቅል ናቸው።

ፊኒክስና ላስ ቬጋስ የተቀመጡት በሞቃትና ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ባገራችን ድሬዳዋን፣ መተሐራን፣ አዋሽን እንደ ማለት። በእንዲህ ያለ ቦታ የእንጨት ዋና ጠላቱ ፀሐይ ነው። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ምስማሩንም እየተፋ ያወጣዋል። ስለዚህ የሸለቆ አናጢ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጥላ ነው። የድሬዳዋን ከዚራ የሚያውቅ ሰው በረንዳና የመንገድ ዳር ዛፍ በዚያ ሙቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው አይጠፋውም። በፊኒክስና በላስ ቬጋስ የብሎኬት አጥር የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብሎኬትን ፀሐይ አያጣምመውም፣ ምስጥም አይበላውም። ከፕላስቲክና ከእንጨት ብናኝ የሚሠራው ኮምፖዚት የሚባለው ጣውላ ደግሞ በዚያ ፀሐይ፣ በተለይ ቀለሙ የጠቆረ ከሆነ፣ ባዶ እግር ያቃጥላል። እዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ምክሩ አጭር ነው፤ ጥላ ይቅደም፣ ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፣ እንጨት ከሆነም ዘይቱን ወይም ቀለሙን በየጊዜው ማደስ አይዘንጋ።

ሚኒያፖሊስ ላይ ግን ጠላቱ ሌላ ነው፤ ያውም ሁለት ነው። አንደኛው ከመሬት በታች ይኖራል። የብርዱ ወራት ሲገባ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል። በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይነሣል። የጸደይ ፀሐይ ሲያቀልጠው መሬቱ ይወርዳል፤ ምሰሶው ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ዴኩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ የአጥሩም በር አልዘጋ ይላል። የግንባታው ሕግ በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል አካባቢ የምሰሶ መሠረት 42 ኢንች እንዲወርድ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ይህም አንድ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ሲሄዱ 60 ኢንች ይደርሳል። ለአጥር ቋሚ ተቆጣጣሪ ባይመጣብዎትም ብርዱ አጥር ነው ብሎ አይምርም፤ በተለይ በር የሚሸከሙት ሁለቱ ቋሚዎች ጠልቀው ይተከሉ።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። ደረቅ እንጨት አይበሰብስም፤ የሚያበሰብሰው በላዩ የሚቆየው ውኃ ነው። ባገራችን ምስጥን በመፍራት የቋሚውን እግር በእሳት እንለበልበዋለን፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይትም እንቀባዋለን። እዚህ ምስጥ ብዙም አያሰጋም፤ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ ደግሞ ያስቀጣል። እዚህ የሚያዋጣው ወይ ሴዳር ወይ መድኃኒት የጠጣ ጥድ ነው። ሴዳሩ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ለአጥር ቋሚ እንመርጠው የነበረው ያገራችን ጥድ የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። መድኃኒት የጠጣውን እንጨት በሚመለከት አንድ ነገር ልብ በሉ። አርሴኒክ ያለበት የድሮው ዓይነት በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለመኖሪያ ቤት ሥራ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ያረጀ ዴክ አፍርሳችሁ ከሆነ እንጨቱን ለማገዶ እንዳታነዱት፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። የዛሬው መድኃኒት ደግሞ መዳብ ስለሚበዛበት ተራውን ምስማር በልቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ብሎኑም ማያያዣውም ወይ በዚንክ በደንብ የተነከረ ወይ የማይዝግ ብረት ይሁን። ጥቂት ዶላር ለማዳን ብሎ ርካሹን መግዛት ዋጋ ያስከፍላል።

ምን ዋጋ? ትሉኝ ይሆናል። ሰኔ 29 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ወጣቶች ለግብዣ የተሰበሰቡበት የእንጨት ሰገነት ከነሰዎቹ ተደርምሶ 13 ሰዎች አልቀዋል። ሰኔ 16 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ፣ የልደት በዓል በሚከበርበት አፓርታማ በረንዳው ወርዶ 6 ወጣቶች ሞቱ፤ የበርክሌዩ ምክንያት ውኃ ገብቶበት የበሰበሰ እንጨት ነበር። በሁለቱም ቦታ የተሰበሰበው ለደስታ የመጣ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ስንሰበሰብ ታውቁናላችሁ! ለምረቃ ሠላሳ ሰው ጠርተን ስልሳ ይመጣል፤ ፎቶ ግራፍ ሲባል ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ እስክስታው ሲጀመርማ አይነገርም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ዴክ የሚነደፈው በያንዳንዱ ካሬ ጫማ ላይ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ነው። ወርዱ 12፣ ርዝመቱ 16 ጫማ የሆነ ዴክ 192 ካሬ ጫማ ነው፤ የተነደፈለት ሸክም 7,680 ፓውንድ ይሆናል። አንድ ሰው በአማካይ 170 ፓውንድ ነው ብንል 45 ሰው ማለት ነው፤ ያውም በትክክል ተሠርቶ፣ ሰዉም ሳይዘል። በምስማር ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ዴክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ወለሉ አይደለም፤ ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው፣ ሌጀር ቦርድ የሚሉት አግዳሚ እንጨት ተነቅሎ ነው። እሱ በምስማር ሳይሆን ወፍራም ብሎን ተበስቶ ሊታሰር፣ ከበላዩም ውኃ ወደ ግድግዳው እንዳይገባ ቆርቆሮ ሊታጠፍበት ይገባል። ዛሬውኑ ወደ ጓሮ ወጥታችሁ ከዴኩ ሥር በባትሪ እዩ። የሚታየው የምስማር ራስ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እንጨቱ በጠመንጃ መፍቻ ሲወጋ የሚገባ ከሆነ፣ ድግሱን ሣሩ ላይ አድርጉት። ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ ደግሞ መደገፊያው ቢያንስ 36 ኢንች ይሁን፤ በዘንጎቹም መካከል 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ እንዳያልፍ ያህል ይጠበብ። የሕፃን ራስ የሚያልፍበት ክፍተት አደጋ ነው።

«ፐርሚት ገንዘብ መብያ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ካድሬና ቀበሌ ያንገሸገሸን ሕዝብ ስለሆንን የመንግሥት ሰው ቤታችን ሲመጣ ደስ አይለንም፤ አይፈረድብንም። ነገር ግን ተቆጣጣሪው የሚመጣው ጉድጓዱ ሲሚንቶ ሳይፈስበት ጥልቀቱን ለማየት ነው። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ማን ያውቃል? ከቤት ጋር የሚያያዝ ዴክ ፐርሚት ይፈልጋል። ዝቅ ያለ አጥር በግንባታ ሕጉ ፐርሚት ባይጠየቅበትም፣ ከተሞቹ ስለ ቁመቱና ስለ ቦታው የየራሳቸው ደንብ አላቸውና አስቀድሞ ስልክ መደወል አይከፋም። ሥራውን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ከክፍለ ግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። አታላይ ተቋራጭ ላጋጠመው ባለቤት ካሣ የሚከፍል ፈንድ አለ፤ የሚሠራው ግን ተቋራጩ ፈቃድ ያለው ሲሆን ብቻ ነው። «የአገር ልጅ ነው» የፈቃድ ቁጥር አይደለም።

ከመቆፈር በፊት 811 መደወልም ግዴታ ነው። ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ብትደውሉ የጋዙና የመብራቱ መስመር የት እንደሚያልፍ ያለ ክፍያ መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል። ወሰኑንም በዐይን ግምት አትለኩ፤ ቀያሽ አስጠሩ። በሚኒሶታ ሕግ ሌላው ሰው መሬታችሁን በግልጽ ይዞ፣ ሳይቋረጥ 15 ዓመት ከቆየ፣ ሕጉ የሚጠይቃቸውን ነገሮች አሟልቶ የኔ ነው ሊል ይችላል። ዛሬ አንድ ጫማ ገባ ብሎ የታጠረ አጥር ነገ ለልጆቻችሁ ክርክር ያወርሳል።

በመጨረሻ ስለ ሕይወት ያለው አጥር አንድ ነገር ልበል። ባገራችን ቅንጭብም ቁልቋልም አጥር ነው። ወደ አዋሽ ሸለቆ ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ገባ፤ ድርቅ ይችላል፣ ጥላና አጥር ይሆናል ተብሎ። ዛፉ ግን አልታጠር አለና የአፋርን የግጦሽ መሬት ወረረ። አንዳንዶቹ አፋሮች «የደርግ ዛፍ» ማለታቸው ምሬት ነው። ያገራችን ባለሥልጣን ብቻ ተሳሳተ እንዳትሉ፣ ሚኒሶታም ያው ደርሶባታል። ባክቶርን የሚባለው ቁጥቋጦ በ1800ዎቹ አጋማሽ ከአውሮፓ የመጣው ለአጥር ነበር፤ ዛሬ ጫካውን ወሮ እየተነቀለ ነው፣ መሸጡም ክልክል ነው። የሚገርመው ይህ ባክቶርን የጌሾ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው። ዘመድ ነው ብላችሁ ግን ጠላ እንዳትጠነስሱበት፤ ሆድ ያስኬዳል! በጓሯችሁ ካለ ንቀሉት፤ በምትኩ የዚህን አገር የራሱን ቁጥቋጦ ትከሉ።

እንግዲህ የምረቃው ድግስ ሳይደርስ ባትሪውን ይዛችሁ ከዴኩ ሥር እዩ። የምትቆፍሩም እስከ 42 ኢንች ቆፍሩ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።