ወንዳታ

ማክሰኞ ማታ ከሜክሲኮ ወደ መካኒሳ አቦ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተሰክቼ ነበር። ሳር ቤትን አለፍ እንዳልን አንድ ክራባት ያሰረ ሰው ከረዳቱ ጋር በመልስ ተያያዘ። መልሴን አምጣ፤ መልስ የለህም። ረዳቱ ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። “የሁለት ሰው ብለህ እኮ ነው የሰጠኸኝ” አለና ሰውየው አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት በአገጩ ጠቆመው። ሴትየዋም “አዎ፣ ለእኔም ከፍሎልኛል” አለች። ሰውየው የሚገባበት ሲጠፋው ያቺን የማውቃትን ነገር መዘዛት።

“ሴት ያሳደገው!”

ረዳቱ አንገቱን በመስኮት እንዳወጣ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ “አዎ። ሒሳብ እያስተማረች ነው ያሳደገችኝ” አለው።

ጋሼ ባለክራባት ከዚያ በኋላ እስከ አቦ ድረስ ስልኩን ሲነካካ መጣ።

የዚህ ዓምድ ቤተኞች ይቺን ስድብ ስሰማ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፌባታለሁ። አንድ አንባቢ “ይቺ ነገርስ አልበዛችም ወይ?” ብለውኛል። አልበዛችም። እኔን ሻይ እየሸጠች ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ በዚህ ጉዳይ ዳኛ ሁኚ ብትሉኝ አልችልም፣ ከሳሽ ነኝ።

እንደ ልማዴ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ሰውዬ ላይ ላሳልፈው አስቤ ነበር። ቤት ስደርስ ግን ሌላ ቃል ጠበቀኝ።

ግቢያችን ውስጥ፣ ከኋላ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ፣ አንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ተከራይታ ትኖራለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጅ አላት። እስከ ቅርብ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ ተምራ ጨረሰችና አሁን አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆና ጀምራለች። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ልጇን አዝላ፣ የሥራ ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በነጠላ ጫማ ገባች። ቡና ላይ ነበርን። የላይኛው ቤት ሴትዮ ቀና ብለው አዩአትና፣ “ወንዳታ! አንቺማ ወንድ ነሽ!” አሏት። ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ አመስግና፣ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔ ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጁ ቢባልግ ሴት ያሳደገው ነው። እናቲቱ ብትበረታ ደግሞ ወንድ ናት። በዚህ አያያዝ ሴት መዝገብ ላይ የምትገባው ሲጎድል ብቻ ነው። ሲሞላማ ስሟ ተፍቆ በቦታው የወንድ ስም ይጻፋል። ያ ረዳት ሒሳቡን ቢያየው “የሁለት ሰው እኮ ነው የተከፈለው” ይል ነበር።

ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም፤ ልባቸው ሙሉ ሆኖ ነው ያመሰገኗት። ችግሩ ምስጋናችን ሁሉ ውሰት መሆኑ ነው። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሱ። ከግሸን ማርያም ጉዞ ረሃብ ወላጅ የነጠቃቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው “ወይ እኔን ወይ ልጆቹን” ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ደህና ሥራ ነበራቸው፤ እሱን ትተው ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጉ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያሳደጓቸው “እማዬ” እያሉ ነው ያለቀሱት። እኛ ግን “የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ” አልናቸው። አበበች የሚባል ስም እያላቸው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የባንክ ሥራ ንጹሕ ሥራ ነው ይባላል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ወንበር፣ ጥላ። በሩ ሲዘጋ ግን ሥራው አያልቅም። የዕለቱ ገቢና ወጪ ካልገጠመ ከፋይ ከወንበሩ አይነሳም። የጎደለ እንደሆነ ከኪስ ይሞላል፤ የተረፈ እንደሆነ የማን እንደሆነ ሲፈለግ ይመሻል። በሁለተኛው ሳምንቷ አንድ ባለ ሁለት መቶ ጠፋባትና እስር እየፈታች፣ እያሰረች፣ መልሳ እየፈታች ስትቆጥር ቆየች። ከመቶ ብር እስር ውስጥ ተሸጉጦ ተገኘ። ሕፃናት ማቆያው በዚያ ሰዓት ተዘግቷል። ልጁ ጥበቃው ጋ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ የሚከፈል አለ። “እትዬ” አለችኝ፣ “እኔ እዚህ ብር ስቆጥር እዚያ በእኔ ላይ ደቂቃ ይቆጠራል።”

ጠዋቱንም ልንገራችሁ። የውሃ ፈረቃችን ሌሊት ስለሆነ በ10 ሰዓት ትነሳለች። ባልዲ ትሞላለች፣ ታጥባለች፣ የልጁን ምሳ ታበስላለች። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተኛ ልጅ አዝላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። ነጩን ሸሚዟን በጋቢ ሸፍና ነው የምትወጣው፤ ልጁን አስረክባ፣ አፍንጫውን ጠርጋ፣ ጋቢውን አጣጥፋ ማቆያው ውስጥ ከትታ፣ ከዚያ ነው የባንክ ሰው የምትሆነው። ጋቢው የሁለቱ ሥራዎቿ ድንበር ነው።

አንድ ቀን ልጁን አተኮሰው። እዚህ ላይ ሕግ አገላበጥኩ፤ ጋዜጠኛ ሲናደድ የሚያደርገው እሱን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እሰየው። ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን። (በእነዚያ ሦስት ቀናት ብቻ አባት ሆነው የቀሩ አውቃለሁ።) ልጁ ከተወለደ በኋላ ቢታመምስ? የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ የሚገኘው ግን ዓመት ሲሞላ። ለከባድና ልዩ ሁኔታ እስከ 5 ቀን፣ ያለ ደመወዝ፣ በዓመት 2 ጊዜ። አዋጁ ልጅ እንደሚወለድ ያውቃል፤ እንደሚያተኩሰው ግን የነገረው የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችማ ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ታዘዋል። የእሷ ባንክ የግል ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የሙከራ ጊዜው ነው። 60 የሥራ ቀን። በነዚህ ቀናት ውስጥ አሠሪው “አልሆንሽኝም” ካለ ማስጠንቀቂያም ስንብትም የለም። እሷ የግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ እየሰረዘች ነው፤ ማክሰኞ 41ኛው ነበር። ያተኮሰው ቀን ልጁን ሽሮፕ አጠጥታ አዝላው ሄደች። ምን ታድርግ?

“የልጁ አባትስ?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ቀለብ ስጥ ይለዋል። እንዲሰጥ ለማድረግ ፍርድ ቤት መመላለስ ያስፈልጋል፤ ለመመላለስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ የሙከራ ጊዜ ማለፍ ያስፈልጋል። ሰውየው ደመወዝተኛ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

እዚህ ላይ ጽሑፌን ልጨርስ ነበር። ባለክራባቱን ሰደብኩ፣ አዋጁን ወቀስኩ፣ አባትዬውን ተውኩት። ነገር ግን የዋሱ ጉዳይ አለ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ግቢው ውስጥ የሚነግርብኝ አይጠፋም።

ልጅቷ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ካለፈች በኋላ ባንኩ ዋስ አምጪ አላት። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው። ዘመዶቿ ሀገር ቤት ናቸው፤ ገበሬዎች። በሬ ዋስ አይሆንም። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ጋር በደህና አልተለያዩም። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ማታ በሬን አንኳኩታ፣ ቆማ፣ ነጠላዋን እያጠባበቀች፣ “እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ” አለችኝ።

እኔ፣ የሻይ ሻጯ ልጅ፣ በዚህ ዓምድ ሁለት ጊዜ የጮኹት እመቤት፣ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? “ላስብበት።”

አሰብኩበትም። ባንክ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ አንድ ቀን እንቅልፍ አጥታ አንድ እስር ቢጎድላትስ? ልጁን ይዛ ብትሰወርስ? ይህን ያሰብኩት ስለ ሌባ አልነበረም። ሌሊት ውሃ ስትሞላ በመስኮቴ ስለማያት ልጅ ነበር። ባል ቢኖራት ይህን ሁሉ አስብ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ፣ መልሱን ሳልሰማ ተኛሁ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው፤ መካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ነው። ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢባል እንጨቱን ሁሉ ማን አስተማረውና ተባለ ይላሉ አባቶች። ተረቱን ስሰማ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር ትዝ የሚለኝ።

እሑድ ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ሰበቤን አዘጋጅቼ ከፈትኩ። የመጣችው ስኳር ልትበደር ነበር። የዋሱን ነገር አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ሌላ ሰው እንደፈረመላት የሰማሁት በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው፣ ያውም በወሬ ወሬ። የፈረመው ከፊት ለፊቷ ክፍል የሚኖረው የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ማታ ማታ እየዘፈነ የሚገባው፣ ግቢው በአንድ ድምፅ ሰካራም ያለው፣ እኔ ራሴ “ከዚህ ሰው ልጁን አርቂው” ያልኳት።

አንድ ቀን መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁትና እንዴት ደፈርክ አልኩት። ጨርቁን እየጨመቀ ሳቀ። “ደመወዜን እንደሆነ ዕቁብና ብድር ጨርሶታል እትዬ። ከእኔ ምን አግኝተው ይወስዳሉ?”

ትናንት ማታ ልጅቷ መጥታ፣ ቅዳሜ ማቆያው በግማሽ ቀን እንደሚዘጋ፣ ባንኩ ግን እንደማይዘጋ እየነገረችኝ ነበር። ሳትጨርስ “እኔ እይዘዋለሁ፣ አምጪው” አልኳት። አፌ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። እሷም አመሰገነች፣ ጎንበስ ብላ ልጁን “ቅዳሜ ከእትዬ ጋር ትውላለህ፣ እሺ?” አለችው።

ልጁ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ዞሮ የሾፌሩን በር አየ። “ጋሼስ?” አለ።