በሰው ቦታ የሚቆመው ሠልጣኝ አስተማሪ

አንድ አስተማሪ ሲታመም ወይም ዘመድ ሞቶበት ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ክፍሉ ባዶ እንዳይውል በርሱ ቦታ የሚላከው ብዙ ጊዜ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ነው። ልማዱ በየአገሩ ያለ ስለ ሆነ እንደ ትንሽ ነገር ይታለፋል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በእንዲህ ያለ ወጣት እጅ የሚያልፈው የትምህርት ሰዓት ቢቈጠር፣ ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም ነጋዴዎችም በተረዱት ነበር።

የዚህ ወጣት ውሎ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይጠቅማል። ጠዋት በተላላኪ ተጠርቶ ይመጣል። የስም መዝገብና ጥቂት ጠመኔ ይሰጡታል፤ ትምህርቱ ከየት እንደ ደረሰ ግን የሚነግረው የለም። ልጆቹን ቢጠይቅ ከፊሎቹ «ይህን ተምረናል» ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «አልተማርንም» ይላሉ፤ እውነቱን የሚያውቀው በአልጋው ላይ የተኛው አስተማሪ ብቻ ነው። ስም ሲጠራም ስለ ቀረው ጓደኛው «አቤት» የሚል ልጅ አይታጣምና፣ ተተኪው በተተኪ ይታለላል። ማካፈልን ሊያስተምር ገብቶ ልጆቹ ማባዛትን ገና አለማወቃቸውን የሚረዳው ደወሉ ሊደወል ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ማንም የማይወደውን ክፍል ለርሱ ይሰጡታል፤ ይህን የማያደርግ ትምህርት ቤት ቢኖር የሚመሰገን ነው። ማታ ወደ ማሠልጠኛው ሄዶ ስለ ልጆች ጠባይና ስለ ማስተማር ዘዴ የሚሰጠውን ትምህርት እያንቀላፋ ይሰማል። በመጽሐፍ የተነገረውን ከዋለበት ክፍል ጋር አስተያይቶ የሚያስረዳው ሰው ግን አያገኝም። ዋናው ጉዳት ከዚህ ላይ ነው።

ሥልጠናውን ያልፈጸመ ሰው በልጆች ፊት መቆም የለበትም የሚሉ አሉ። አስተያየቱ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ከአገሩ ታሪክ ጋር አይስማማም። በኢጣልያ ዘመን ለኤርትራ ተወላጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል የማያልፍ ስለ ነበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 የኢጣልያ አገዛዝ ወድቆ በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ትምህርት ቤቶች መከፈት ሲጀምሩ የሠለጠነ አስተማሪ እንደ ልብ አልተገኘም። ያን ጊዜ ጠመኔ ከያዙት ብዙዎቹ ራሳቸው ጥቂት ክፍል ብቻ የተማሩ ነበሩ፤ እያስተማሩም ተማሩ። እነርሱ ባይኖሩ የዚያ ትውልድ ብዙ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ባደገ ነበር።

ከዚያም በፊት ቢሆን ነገሩ የቆየ ነው። በቅኔ ቤት አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ሳለ ከርሱ በታች ያሉትን ያስጠናል። በቁርአን ትምህርት ቤትም የቀደመው ልጅ ታናሹን ሰሌዳ አስይዞ ያስነብባል። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ዋናው መምህር ከአጠገባቸው አይርቅም፤ ልጁ ሲሳሳት ሰምቶ ያርመዋል። የዛሬው ተተኪ ያጣው ይህንን ጆሮ ነው።

በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ። የሚበዙትም በትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። ከነርሱ መካከል ሌላ ሙያ የሚያጠኑ ስለ ነበሩ፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ነበር፤ የሚሰጣቸውም ለኑሮ የሚሆን አበል እንጂ የአስተማሪ ሙሉ ደመወዝ አልነበረም። ነገር ግን ዓመቱን በአንድ ቦታ ስለ ቆዩ የልጆቹን ስም አወቁ፤ የጀመሩትንም ትምህርት እስከ መጨረሻው ማድረስ ቻሉ። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚላክ ሠልጣኝ ምንም ቢተጋ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ነጋዴ ወደ ምጽዋ ዕቃ ሊረከብ ሲወርድ ሱቁን ለረዳቱ የሚተወው የዱቤውን መዝገብ፣ የዕቃውን ቍጥርና ዋጋውን አስረክቦ ነው። ማን ምን ዕዳ እንዳለበት ሳይነግር ቁልፉን ብቻ ወርውሮ የሄደ ነጋዴ ቢከስር ማንም አያዝንለትም። በትምህርት ቤት ግን ይኸው ነገር በየሳምንቱ ሲደረግ ዝም ይባላል፤ ኪሳራው በዚያው ወር አይታይምና። የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ያው ነጋዴ ወለድ ማስላት የሚያውቅ ጸሐፊ ፈልጎ ሲያጣ ነው።

የክፍያውም ነገር እንዲሁ ነው። ሠልጣኙ የሚከፈለው የቆመበት ቀን ተቈጥሮ ከሆነ፣ ባለ ቦታው ድንገት ሲመለስ እኩለ ቀን ላይ ይሰናበታል፤ በበዓልና በዕረፍት ወራትም ባዶ እጁን ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ንቁ የሆነው ወጣት ጠመኔውን ጥሎ ወደ ንግድ ቤት ወይም ወደ ጽሕፈት ቤት ይገባል። አሠሪው እንዲህ ያለ ሠራተኛ በማግኘቱ ደስ ይለው ይሆናል፤ ያገኘው ግን ከገዛ ልጁ ክፍል ወስዶ ነው።

በጀት ጠባብ ነው መባሉ እውነት ነው። ሆኖም አንድን ሠልጣኝ ለአንድ የትምህርት ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት መድቦ አበሉን በወር መክፈል፣ አንድን ክፍል ሙሉ ዓመት ከማስደገም ይረክሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ የቆየ አስተማሪ ከኋላ ተቀምጦ ቢሰማውና ከክፍል ሲወጡ ሩብ ሰዓት ቢያነጋግረው፣ የሠራባቸውም ቀኖች ለሥልጠናው እንዲቈጠሩለት በመዝገብ ቢጻፉ፣ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠየቅም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የየአስተማሪው የትምህርት ዝግጅት ደብተር በየሳምንቱ መጨረሻ በዲሬክተሩ ቢሮ እንዲቀመጥ ቢታዘዝ፣ የታመመውም ሰው በአልጋው ላይ ሳለ ደብተሩ ለተተኪው ይደርሳል። ለዚህ አንድ የትእዛዝ ደብዳቤ ይበቃል፤ ደብዳቤውም ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሳይዘጉ ሊጻፍ ይችላል።